በረንዳው ላይ የተደረደሩት አሻንጉሊቶች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሰመር ነው።

ባለቤቴ ከድር፣ ሲታክ የሚባለው ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳ ከርሞ በዕረፍቱም መንዳት ነው የሚወደው። እንደ ጫማ የተሠራ ቤት፣ ሰው የሚያክል የሲሚንቶ እንቁላል፣ ብቻ መንገድ ዳር አንድ የድሮ ጉድ አለ ከተባለ ሄዶ አይቶ፣ ማግኔት ገዝቶ ይመጣል። ሬኒየር ቢች ያለው ቤታችን ውስጥ የፍሪጁ በር ከማግኔት ብዛት ቀለሙ አይታይም።

የዚያን ቀን ተራራ ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ስንነዳ አንድ አሮጌ ሱቅ አገኘን። በረንዳው ላይ የካውቦይ ልብስ የለበሱ ትልልቅ አሻንጉሊቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ቀድመውን የደረሱ ቱሪስቶች እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሳሉ። እኛም ተራችንን ጠበቅን።

እኔ ዳር ላይ ካለው፣ ባርኔጣው ፊቱን ከጋረደው ጎን ተቀመጥኩ።

"አቀፍ አድርጊው እንጂ፣ አልቀናም!" አለ ከድር ስልኩን ደግኖ።

እየሳቅኩ ትከሻውን አቀፍኩት። አሻንጉሊቱ ወደ እኔ ዘመም አለ። ሰበርኩት ብዬ ደንግጬ እጁን ያዝኩ።

እጁ በላብ ርሷል። ደግሞ ይሞቃል።

"ይሄ ሰው ነው! ከድር፣ ሰው ነው! ይተነፍሳል!" ብዬ ጮህኩ።

ከድር ፈጥኖ 911 ኮል አደረገ። እኔ ሰውየው እንዳይወድቁ ደግፌ ያዝኳቸው። ሚስታቸው ከሱቁ ውስጥ እየሮጡ ወጡ።

"ስኳር አለበት! አየር ልቀበል ብሎ ነው የወጣው!" አሉ አጠገባቸው ተንበርክከው። ለካ ሰውየው ባለሱቁ ናቸው፤ ሲሸጡ እንደ አሻንጉሊቶቹ ይለብሳሉ።

አምቡላንስ መጣ። ባለሙያዎቹ ስኳራቸው በጣም ወርዷል ብለው በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጧቸው። ጥቂት ቆይተው ሰውየው ዓይናቸውን ገለጡ። ያኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለሴትየዋ ስልካችንን ሰጥተናቸው ነበርና ከቀናት በኋላ ደወሉልን። ባለቤታቸውንም አገናኙኝ። ሰውየው ደጋግመው አመሰገኑኝ፤ ከዚያ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ስትስቁ እሰማችሁ ነበር" አሉኝ። "ከእናንተ በፊት የነበሩትንም ሰምቻለሁ። ልጠራችሁ ፈልጌ አንደበቴ እምቢ አለኝ።"

መትረፋቸው ደስ ይለኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ያ ንግግራቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። አሁን ከቤታችን ብዙ ወደማይርቀው ኮሎምቢያ ሲቲ ስንሄድ፣ የልብስ ሱቅ መስኮት ውስጥ አሻንጉሊት ካየሁ ቆም ብዬ ደረቱን አያለሁ። ከድር አይስቅብኝም። እሱም ያያል።