እርጥብ ለመልስ ድግስ

ሐሊማ እርጥብ መሸጥ ካቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ያስቆማት ጉልበቷ ነው። በዕጣ የደረሳቸው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ደረጃውን አንዴ ወርዳ አንዴ ከወጣች ለዚያ ቀን በቃት። ባሏ ሰይድ ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይወርዳል። ዕድሜውን በሙሉ ከላምበረት መናኸሪያ ደሴ፣ ከደሴ ላምበረት አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ቤት መቀመጥ አይሆንለትም፤ አንዴ ለሶላት ይወርዳል፣ አንዴ ለዳቦ፣ አንዳንዴም እንዲሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ሲከፍት፣ ደረጃው ያስለከለካት አንዲት ወጣት ቆማለች።

«ማዘር ሐሊማ እዚህ ነው የሚኖሩት?»

ሐሊማ ከውስጥ ሰማች። በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ካጣች ቆይታለች። አራብሳ ላይ ሁሉም «የኢምራን እናት» ነው የሚላት። «ማዘር» ይሏት የነበሩት የሰሚት ተማሪዎች ናቸው።

ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች። ስሟ ሀይሚ እንደሆነ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የእሷን እርጥብ ስትበላ እንዳደገች ተናገረች። ሐሊማ ትክ ብላ አየቻት። ስሙን አላስታወሰችውም፤ የፊት ጥርሷን ፍንጭት ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«አንቺ ሚጥሚጣ አብዢልኝ እያልሽ፣ ከዚያ ውሃ ውሃ እያልሽ የምትሮጪው ነሽ!»

ሀይሚ ሳቋ አመለጣት። «እኔ ነኝ፣ ማዘር። እኔው ነኝ።»

ሐሊማ እርጥብ የጀመረችው ከሐይቅ ወደ አዲስ አበባ በመጣች በሰባተኛው ዓመት ነው። ያኔ ሰሚት ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ያልተለሰነ ግድግዳ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ከሰል ምድጃዋን አስቀመጠች። ድንች ልጣ፣ ከትፋ፣ በዘይት ጠብሳ፣ መሃሉ በተሰነጠቀ ዳቦ ውስጥ ትከታለች። ከላይ የቲማቲም ስልስና ሚጥሚጣ ጣል ታደርግበታለች። የሚጠቀለለው በአሮጌ የደብተር ወረቀት ነው፤ ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ዘርግተው የማያውቁትን ልጅ የቤት ሥራ ያርማሉ።

ሥጋ ስለሌለበት የእስላም ነው የክርስቲያን ነው የሚል ጥያቄ አይነሳበትም ነበር። ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ሀይሚና ጓደኛዋ ሳና አንዱን እርጥብ ለሁለት ቆርሰው፣ የትኛው ቁራሽ ይበልጣል እያሉ ይጣሉ እንደነበር ሐሊማ አሁን ትዝ አላት።

«ሳና ናት ያገኘችልኝ» አለች ሀይሚ። «አራብሳ ገበያ አይታዎት ነበር።»

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ነው። የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ አላቸው። አንዱ ቦሌ ላይ የበላውን በርገር ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው «ይሄ ሁሉ ተከምሮ የማዘርን እርጥብ አያክልም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ክርክር ሆነ። ግማሹ ያንን ጣዕም ዳግም አላገኘሁትም አለ። ግማሹ ደግሞ ተርበን ስለነበር ነው እንጂ ድንች ድንች ነው አለ። አንዷ የዘይቱን ቀለም አስታውሱት እንጂ ብላ አሾፈች። ሐኪም የሆነው ልጅ ስለ ጨውና ስለ ዘይት ረጅም ማብራሪያ ጻፈ፤ ማንም አላነበበለትም። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «ለመሆኑ ማዘር የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ላገባ ነው፣ ማዘር» አለች ሀይሚ። «የመልሴ ቀን እርጥብ እንዲሠሩልን ነው የመጣሁት። እጮኛዬ አብኔዘርም እዚያው ነው የተማረው።»

ሰይድ ጣልቃ ገባ። «ለመልስ? ለመልስ ዶሮ ነው እንጂ የሚሠራው።»

«ዶሮውም አለ፣ አባባ። እርጥቡ ለእኛ ነው።»

ሐሊማ ሳቀች። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና «የማን ልጅ ነሽ ግን?» አለቻት።

«የመኩሪያ። ያውቁታል? ያኔ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር።»

«በስም አውቃቸዋለሁ» አለች ሐሊማ። እንደምትመጣ ቃል ሰጥታ፣ ልጅቷን እስከ ደረጃው አፍ ሸኘቻት።

በሩ ሲዘጋ ሰይድ ዞር ብሎ አያት። «ያ ሰውዬ ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወረቀት ይዞ ወደ ምድጃዋ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ተሰልፈው ባሉበት ጮክ ብሎ አነበበው። እየተደጋገመ የሚጠበስበት ዘይት ለልጆች ጤና ስለማይበጅ፣ በወላጆች ኮሚቴ ውሳኔ በበሩ አካባቢ ምግብ መሸጥ ተከልክሏል ይላል፤ ከታች መኩሪያ የሚል ፊርማ አለበት። ሐሊማ ያን ጠዋት አንድ ሳፋ ሙሉ ድንች ልጣ ነበር። ሳፋውን ተሸክማ፣ ምድጃውን እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ሰይድ ላምበረት መናኸሪያ ጥግ ላይ ቦታ ፈለገላትና ዘጠኝ ዓመት ለመንገደኛ ጠበሰች። መንገደኛው ደግ ነበር፤ ስሟን የሚያውቅ ግን አልነበረም። በዚያ ሥራ ልጆቿን ኢምራንንና ሳጂዳን አስተምራ ዳረች።

«እና ልትሄጂ ነው?» አለ ሰይድ።

«ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ደግሞ የደስታ ቀኗ ነው። ፈልጋኝ ሦስት ፎቅ ወጥታ እንዴት እምቢ እላታለሁ?»

በሳምንቱ የሀይሚ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ደወሉ። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚገዛ ተነጋገሩ። ሐሊማ ድንቹ ትልልቅና ያልበቀለ እንዲሆን፣ ዳቦው የዕለቱ እንዲሆን ነገረቻቸው። ዘይቱም ያልተከፈተ ይሁን አለች። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ወይዘሮ የሺመቤት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴ ትንሽ እያጉረመረመ ነው፤ እንዳይቀየሙን። ለእንግዳ እርጥብ ይቀርባል ወይ ይላል። እኔ ግን ልጄ ደስ ይበላት ብያለሁ።»

«አብሽሩ» አለች ሐሊማ። «እኔ የምቀየመው ድንቹ ካረረ ነው።»

የመልሱ ቀን ኢምራን በመኪናው ሰሚት አደረሳቸው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ከጓሮ በኩል፣ ከኮባው ሥር፣ ሁለት ቡታጋዝና ሰፊ ብረት ድስት ተዘጋጅቶላታል። ሰይድ በርጩማ ስቦ ድንቹን መላጥ ጀመረ። ቢላዋ አያያዙ እንደ አውቶብስ መሪ ነው፤ ፍጥነቱም እንዲሁ። የሚያልፉት ሴቶች ቆም እያሉ ያዩታል። «ባል እንዲህ ነው» አለች አንዷ፣ ሰይድ ግን የሰማ አይመስልም፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

ምሳ በወጉ ተበላ። ዶሮው ቀረበ፣ ክትፎው ቀረበ፤ ለሙስሊም እንግዶች እንደ ደንቡ ሌላ ጠረጴዛ፣ ሌላ ሥጋ ተዘጋጅቷል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሐሊማ የመጀመሪያውን ድንች ዘይት ውስጥ ጨመረች። ሽታው ድንኳን ውስጥ ሲገባ ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ጓሮ መጡ። ሱፍ የለበሱ፣ ከረባታቸውን ያላሉ ወንዶች፣ ጫማቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሴቶች። ሳይነገራቸው ተሰለፉ። ሳና መጣች፣ ሐሊማን አቅፋ ሳመቻት። ከሁለቱም ጠረጴዛ የመጣው ሰው አንድ ሰልፍ ላይ ነበር።

ሀይሚ ካባዋን እንደደረበች መጣች። ከኋላዋ አክስቶቿ «ካባው! የሰው ካባ ነው! ዘይት!» እያሉ ይከተሏታል። አብኔዘር ካባውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘላትና ጎንበስ ብላ ነከሰች። ዓይኖቿን ጨፈነች። ከዚያ ቀና ብላ «ሚጥሚጣ ይጨመርልኝ» አለች።

«ውሃውን አምጡላት!» አለች ሐሊማ።

እንደዚህ እየሳቁ ሳለ ቴድሮስ የተባለ የአብኔዘር ሚዜ ዳቦውን እያላመጠ ፊቱን ቋጠር አደረገ። «ይጣፍጣል። ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። እንደ ድሮው አይደለም።»

ያው የቴሌግራሙ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወረቀቱ ነው አለ፤ ዛሬ በነጭ ሶፍት ነው የተጠቀለለው። ሳና ከሰል ስላልሆነ ነው አለች። ሌላው «አንተ ነህ የተለወጥከው፣ ያኔ ቁርስ ሳትበላ ነበር የምትመጣው» አለው። ድምፁን ሰምተው የሀይሚ አባት አቶ መኩሪያም ወደ ጓሮ መጥተው ነበር። ረጅም፣ ሽበታም፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም እንደ ቢሮ ሰው የሚለብሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከሰልፉ ራቅ ብለው ቆሙ። ሐሊማ አየቻቸው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የጎደለውን እኔ ልንገራችሁ» አለች። «ዘይቱ ነው። የዛሬው አዲስ ነው። ያኔ አንዱን ዘይት ሦስት ቀን እጠብስበት ነበር። እጥረት ሲሆን አራትም አምስትም ቀን። ጣዕም ጣዕም የምትሉት እሱ ነው።»

ሐኪሙ ልጅ አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥ ረሳ።

«እና ማዘር» አለ ቴድሮስ ቀስ ብሎ፣ «ያ ዘይት ትንሽ አልተረፈም?»

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። ሐሊማም ሳቀች፤ ደረቷ ላይ የነበረ አንድ ነገርም ቀለል አላት። ዘበኛው ወረቀቱን ባነበበ ቀን ከሁሉ የበለጠ ያቃጠላት፣ ስለ ዘይቱ የተጻፈው እውነት መሆኑ ነበር። ይህን ለሰይድ እንኳ ነግራው አታውቅም።

ሰልፉ ሲያልቅ አቶ መኩሪያ ሁለት ወንበር ይዘው መጡ። አንዱን ለእሷ አስቀመጡላት።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሐሊማ። ጉልበትዎን ያምዎታል ሲሉ ሰማሁ።» ራሳቸውም ተቀመጡ። «ያን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? አውቀው ነው የመጡት?»

«ሀይሚ ስምዎን ስትነግረኝ ነው ያወቅኩት። ለእሷ አልነገርኳትም።»

አቶ መኩሪያ መሬት መሬት አዩ። «ያን ክረምት ታይፎይድ ይዟት አንድ ወር ተኝታለች። ከምን እንደመጣ ማንም አልነገረኝም። ከእርስዎ ይሁን ከቧንቧ ውሃ አላውቅም ነበር፤ ግን አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። እርስዎ ደግሞ በር ላይ ነበሩ።» ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉ። «እርስዎ ከሄዱ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሱቅ የታሸገ ችፕስና ባለ ቀለም ጁስ መሸጥ ጀመረ። ካርቶን ካርቶኑን ያስገቡ ነበር። እሱ ማኅተም አለው ብለን ዝም አልን። ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።»

«ልክ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ» አለች ሐሊማ። «ዘይቱ መጥፎ ነበር። እኔን ያስከፋኝ መነሳቱ አይደለም። ልጆቹ እያዩኝ በዘበኛ መነገሩ ነው። አንድ ቀን መጥተው ሐሊማ፣ ዘይቱን ቀይሪ ቢሉኝ እቀይረው ነበር። ደግሞ ድንቹን ልጬ ጨርሼ ነበር! ቤተሰቡ በሙሉ ሳምንት ድንች በላ። ኢምራን እስከ ዛሬ ድንች ያለበት ወጥ አይቀምስም።»

አቶ መኩሪያ ሳይፈልጉ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ።

«አላህ ይቅር ይበለን፣ ሁላችንንም።»

«አሁንም ቢሆን ግን ይሄ ነገር ለልጅ በየቀኑ አይሆንም እላለሁ።»

«እኔም እላለሁ! ለሳጂዳ ልጅ በሳምንት አንዴ ነው የምሠራለት፤ ለዚያውም ካለቀሰ።»

ከድስቱ አጠገብ አንድ እርጥብ ተርፎ ነበር። ሐሊማ ሚጥሚጣውን ጠረግ አድርጋ ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ዘረጋችላቸው። ደም ግፊት አለብኝ አሉ፤ ግን ተቀበሏት። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ። የቀረውንም በሉት።

ለሀይሚ ነገሩን የነገሯት ራሳቸው አቶ መኩሪያ ናቸው፣ በሳምንቱ። ልጅቷ እየተቆጣች ደወለች። ሐሊማ እስክትጨርስ አዳመጠቻትና አባቷን እንዳትቀየም፣ አንድ ጉዳይ በሁለት ሰው መካከል ካለቀ ሦስተኛ ሰው እንደማያስፈልገው ነገረቻት። ሀይሚም «እሺ ማዘር» አለች፤ እሺ ያለችው ግን ትንሽ አኩርፋ ነው።

የመልሱ ቪዲዮ በቴሌግራም ከዞረ ወዲህ የሐሊማ ስልክ አያርፍም። የሳና እህት ኒካህ ላይ ሠራች። ገርጂ አንድ ክርስትና ላይ ሠራች። በየድግሱ አዲስ ዘይት ታስከፍታለች፣ በየድግሱም አንድ ሰው እንደ ድሮው አይደለም ይላታል። «አይደለም» ትላለች፣ «እንደ ድሮው አልሠራም።» ማታ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ሕመሙ ያው ነው፣ እንቅልፏ ግን ጥሩ ሆኗል።

በወር ከአንድ ድግስ በላይ እንዳይሆን ወስናለች። ባለፈው ሐሙስ ሰይድ ለዳቦ ብሎ ወርዶ ሲመለስ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አየችበት።

«ምን ሆነሃል?»

«ላምበረት የነበሩ ሹፌሮች አግኝተውኝ ነበር። አንዱ ጡረታ እየወጣ ነው፤ ሊሸኙት ይፈልጋሉ።»

«የዚህን ወር ጨርሻለሁ ብያለሁ፣ ሰይድ።»

«እኔም እንደዚያው አልኳቸው።»

«እና?»

ሰይድ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለና እዚያው እንዳጎነበሰ «ድንቹን ሰኞ ያመጣሉ» አለ።