ሀጂ የኤሌክትሪክ ፒካፗን የሰጡ ጊዜ

አሶሳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፒካፕ መጀመሪያ የነዳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ነኝ የሚል ካለ ይምጣና እንጫወት፤ አንደኛ ነኝ የሚል ግን አይልፋ። አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፣ ስድስተኛን አንድም ጊዜ። መሪ ላይ ግን ፕሮፌሰር ነኝ።

መኪናዋ የሀጂ ነበረች። ሀጂ የበርታ ሰው ናቸው፣ ማንጎና እህል ይነግዳሉ፣ እኔ ሹፌራቸው ነኝ። የናፍጣ ሰልፍ ቢያማርራቸው ነው የገዟት። ድምፅ የሚባል የላትም። መጀመሪያ ሰሞን ገበያ መሀል ሰው እስኪያልፍ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሞተሯ ጠፍቶበት ነው ብለው አራት ጎረምሶች ከኋላ መግፋት ጀመሩ። እኔም ፍሬን ይዤ ደክሟቸው እስኪተዉ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ሀጂ ከመስጊድ መጥተው፣ "ይሄ ፒካፕ ለሲስተር ማህበር እሰጣለሁ" አሉኝ።

ሲስተር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ድሮ ለስራ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ ቀረች። ከሰፈር ሴቶች ጋር ሆና ጧሪ የሌላቸውን አዛውንቶች ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ሆስፒታል ታመላልሳለች። የሚመላለሱት በባጃጅ ነው፤ የገጠሩን መንገድ ደግሞ ባጃጅ አይችለውም።

"ሀጂ፣ አሮጌዋ ናፍጣ አለች አይደል?" አልኳቸው። "እሷን እንስጥ። እሷም ታስላለች፣ እነሱም ያስላሉ፣ ይግባባሉ።"

ሳቁ። ከዛ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ የሰለቸህ ነገር ብትሰጥ ያ ሰደቃ አይደለም፣ መጣል ነው። ሰደቃ ስትሰጥ እዚህ ጋ ትንሽ ያምሃል።"

"አመመዎት?"

"ወላሂ አመመኝ።"

እኔንም አሞኝ ነበር። እሷ ከሄደች እኔ ወደዛች የምታስል ናፍጣ ልመለስ ነው።

ሲስተር ስትሰማ በደስታ ትዘላለች ብዬ ነበር። አልዘለለችም። "እግዜር ይስጥልኝ ሀጂ" አለች። "ግን አንዴ ሌሎች ሰዎች አንድ ትልቅ ማሽን ሰጥተውን፣ መለዋወጫው ጠፍቶ እስከዛሬ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። እሱን አቧራ ማራገፍ ራሱ ስራ ሆነብን። የእኔ ሰዎች ገጠር፣ መንጌ ድረስ አሉ፣ እዛ ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ የለም። መንጌ ሄዳ በራሷ ከተመለሰች እቀበላለሁ። ካልተመለሰች አይቀየሙኝ።"

ሀጂ የሰጡትን የሚመልስባቸው ሰው አይተው አያውቁም። "እውነት ነው፣ ይፈተን" አሉና እኔን አዩኝ።

በነጋታው ባትሪዋን መቶ በመቶ ሞልቼ ተነሳን። ሲስተር የባትሪውን ቁጥር እንድታይ ሀጂ የፊቱን ወንበር ለቀቁላትና ከኋላ ተቀመጡ። እኔም ችሎታዬን አወጣሁት። ሜዳው ላይ አበረርኳት። ኤሲውን ሀጂ ነጠላ እስኪከናነቡ ከፈትኩት። ወደ መንጌ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱን ሁሉ ማርሹን ፍሪ እያደረግኩ ለቀቅኳት። የኛ አገር ሹፌር በዚህ ነው ነዳጅ የሚቆጥበው፣ አሮጌዋን ናፍጣ ያኖርኳትም እንደዚህ ነው። ሲስተር የበሽተኛ ግሉኮስ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጥሩ ላይ አፍጥጣ ነበር።

መንጌ ስንገባ ሃምሳ አንድ ቀርቷል። መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው።

ሆስፒታል የምንወስዳቸው ሽማግሌ እግራቸው አብጦ በራፋቸው ላይ እየጠበቁን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። ሲስተር እግራቸውን ነካ ነካ አድርጋ አየች፣ ከዛ ወደ ሀጂ ዞረች። "እንዲህ ከሄደች ግማሽ መንገድ ላይ ታስቀረናለች። እኚህን ሰው ይዤ ፀሐይ ላይ መቆም አልችልም። ሀጂ፣ ከልብዎ እንደሰጡ አውቃለሁ፣ ግን…"

ሀጂ ማንጎ ዛፍ ስር ሄደው ተቀመጡ።

እውነቱን ልናገር፣ ውስጤ ደስ አለው። መኪናዋ ለእኔ ልትቀር ነው። ከዛ የሀጂን ፊት አየሁ። ሰው ያለውን ሰጥቶ አልተቀበሉትም፤ ከሱ የከፋ ድህነት የለም።

ሲስተር ወደኔ መጣች። "አንተ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያቺን ነገር እያዞርክ ምን ነበር የምታደርገው?"

"ፍሪ እያደረግኳት ነዋ። ለቁጠባ።"

"አንዴ ረስተኸው ሳታዞራት ወረድን። ያኔ ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ስታዞራት ግን አንድም ጊዜ አልጨመረም። ለምንድነው?"

መኪናዋን ያስረከበን ሰውዬ ነግሮኝ ነበር፤ ማርሽ ውስጥ ሆና ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትሞላለች ብሎ። እኔ ያን ጊዜ ከመኪናዋ ጋር ፎቶ እየተነሳሁ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፣ መሪውም የኔ ነው።

ማንጎው ስር ሄድኩ። "ሀጂ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ የኔ ነው" አልኳቸው። ይሄን ቃል በህይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት፤ የበፊቱ ለትራፊክ ነበር፣ እሱም ከልቤ አልነበረም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲስተር ሰማች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ሰዓቷን አየች። "ኤሲ የለም" አለች። "መብረር የለም። እኔ ሳልነግርህ እጅህ ማርሹን አይነካም።"

ሽማግሌውን ደግፈን አስገባን። ዳገቱን እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ እያልኩ ወጣሁት፤ አህያ የጫኑ ሴቶች እንኳ ቀድመውን ሊሄዱ ምንም አልቀራቸውም። ትንሽ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ሲስተር፣ "ተዋት፣ ትጠጣ" ትለኛለች። ሀጂ ከኋላ በዓረብኛ ያነበንባሉ። ሽማግሌው፣ "ሞተሩን መቼ ነው የምታስነሳው?" አሉኝ። አሶሳ ልንገባ ስንል አስር፣ ከዛ ሰባት። ሆስፒታሉ በር ላይ አራት።

ሲስተር ወርዳ የሽማግሌውን በር ከፈተች። "ሀጂ፣ ተቀብያለሁ" አለች። "በሩ ላይ ማን እንደሰጠን እናስጽፍበታለን።"

"ምንም አይጻፍ" አሉ ሀጂ። "የሰጠሁት እሱ ያውቃል።" ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

ሲስተር ሽማግሌውን ይዛ ገባች። ገባ ከማለቷ በፊት፣ "መኪናዋን ማህበሩ ግቢ ሰክተህ፣ ነገ በጠዋት ና" አለችኝ። የማህበሩ ሹፌር አድርጋ የሾመችኝ እንደዚህ ነው፣ ሌላ ስነ ስርዓት አልነበረም።

ዞር ስል ሀጂ ወርደው ዱላቸውን ይዘው መንገድ ጀምረዋል። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ቤታቸው ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። መኪናዋን አጠገባቸው አድርሼ በመስኮቱ፣ "ሀጂ ይግቡ፣ ላድርስዎ" አልኩ።

ሳይቆሙ፣ "ያንተ መኪና ነው?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"የኔም አይደለም። ሂድ፣ ቻርጁ የበሽተኛ ነው።"

ገበያውን አቋርጠው ሄዱ። ሰው ሰላም ሲላቸው እየቆሙ ይመልሳሉ፣ መኪናቸው የት እንደሄደች ለሚጠይቃቸው ግን ትንፍሽ አላሉም።