ለስምንት ልጆች የጻፍኩት ዕድሜ

ሥራ የጀመርኩት በዝናብ ነው። ከጊንጪ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ በደንዲ ገጠር ከነበረችው ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ያኔ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ብቻ ነበሯት። ዳይሬክተሩ አቶ ተፈራ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «የአምቦ ልጅ ነህ አሉ፤ ኦሮምኛ ትችላለህ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ።

«እንግዲያው ጂኦግራፊና ስፖርት ታስተምራለህ። የክበባት ተጠሪም አንተ ነህ፤ የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊም አንተ ነህ» ብለው አንድ ፊሽካና አየር የማይዝ የመረብ ኳስ አስረከቡኝ። ይህን ሁሉ ሹመት ያገኘሁት በችሎታዬ ሳይሆን መጨረሻ የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

የግብርና፣ የጤና፣ የድራማና የስፖርት ክበብ አቋቋምን። ለእያንዳንዱ መዝገብ አሰመርኩ። መዝገብ ላይ እኔን የሚያህል አልነበረም። ባልደረቦቼ «እሱስ ሚስት ከሚያገባ መዝገብ ቢያገባ ይሻለው ነበር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሜዳ ግን አልነበረንም። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ነበሩ። ስለ ሜዳ ሳነሳባቸው «ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ልጁ ኳስ ሲያባርር ከብቱን ማን ያባርረዋል?»

ሁለት ስብሰባ ፈጅቶ ተስማማን። በአጨዳ ጊዜ ጨዋታ የለም። የግብርና ክበብ ልጆች በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ የአቅመ ደካሞችን እርሻ ያርማሉ። ወላጆች በበኩላቸው ሜዳውን ይሠራሉ። ኦቦ ቶሎሳ ደቦ ጠርተው ጉብታውን በበሬ አርሰው ደለደሉት። ሌሎች የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆሙ፤ ሴቶቹ ከቃጫ መረብ ሠሩ። ኳሱ ሲነካው ሳር እንደጫነ አህያ የሚንኮሻኮሽ መረብ ነበር፤ ግን የራሳችን ነው። እሑድ እሑድ አገሩ በሙሉ እየመጣ ያይ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም።

በሰባዎቹ ማብቂያ ላይ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። አምቦ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ የዘንድሮው ግን ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት ለሞላ ብቻ ነው ይላል። አቶ ተፈራ ደብዳቤውን አጥፈው «የኛ ልጆች አልደረሱም፤ ይቅር» አሉ።

«ማን የልደት ቀኑን ያውቃል?» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የገጠር ልጅ ሲመዘገብ የዕድሜውን ቦታ የምንሞላው ቁመቱን አይተን ነው። ግማሹን እኔ ራሴ ሞልቼዋለሁ። ስለዚህ ስምንቱን ተጫዋቾች በሚያምር ጽሑፌ ዘረዘርኩና ለሁሉም አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት እያልኩ ወረድኩ። ልጆቹንም «ከጠየቋችሁ አሥራ ስምንት በሉ» አልኳቸው። አቶ ተፈራ ትንሽ አመነቱና ማኅተማቸውን መቱ።

አምቦ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን በማግሥቱ ተመለስን።

ከሁለት ወር በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ወረደ። ተማሪ አይነካም ሲባል ስለነበር ወሬውን እንደ ሩቅ ዝናብ ነበር የሰማሁት። አንድ ሰኞ ጠዋት የወረዳው ተወካይ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ቢሮ ገባ። የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ለአምቦው ውድድር የላክነው፣ የኔ ጽሑፍ ነው።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ይህ ማኅተም የእናንተ አይደለም?»

«የእኛ ነው» አሉ አቶ ተፈራ።

«ኮታው ጎድሎብናል። እነዚህ ስምንቱ ዕድሜያቸው ደርሷል። ዓርብ ለጦሩ እናስረክባቸዋለን።»

አቶ ተፈራ ወደ እኔ አላዩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ማኅተም ያረፈበት የብዕር ወለምታማ በምን ይታሻል? ዋሽቼ ነው ብል ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አሻጥር ተብሎ የሚያሳስር ነገር። ዝም ብል ስምንቱ ልጆች ይሄዳሉ። ዝም አልኩ።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ኦቦ ቶሎሳ መጡ። የመጨረሻ ልጃቸው ገመቹ ከስምንቱ አንዱ ነው። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ኳስ አመቻች ነበር። እንደ ልማዳቸው ስለ ከብቱና ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ።

«ባርሲሳ፣ የዚያን ወረቀት ነገር ሰማህ?»

«ሰማሁ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ማን ነው ልጆቻችንን አሥራ ስምንት ያላቸው?»

ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «እጠይቃለሁ» አልኩ። ይህችን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አፍርባታለሁ።

«ደህና» ብለው ተነሡ።

ረቡዕ ማለዳ አቶ ተፈራን እንኳ ሳላማክር ወረዳ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። «ዕድሜውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለውድድር ብዬ ነው፤ ውሸት ነው» አልኩ።

ተወካዩ አልተቆጣም። ወረቀትና ብዕር አቀረበልኝ። «እሺ። እውነተኛውን ጻፍ።»

ብዕሩን አንስቼ ቀረሁ። ውሸቱን እንጂ እውነቱን አላውቀውም ነበር። ሁለት ዓመት አስተምሬያቸው፣ በየመዝገቡ አስፍሬያቸው፣ የአንዳቸውንም ዕድሜ አላውቅም።

«ነገ እመጣለሁ፤ እናቶቻቸው ትምህርት ቤቱ ይጠብቁኝ» አለኝ። «የአንተን ነገር ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ሐሙስ ስምንቱ እናቶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። እኔ እንዳስተረጉም ተጠራሁ። የገጠር እናት ዓመተ ምሕረት ባትቆጥርም የማንን የአራስ ገንፎ መቼ እንደበላች ታውቃለች። አንዷ «የኔ ልጅ መሬት ሲታወጅ ገና ጡት አልጣለም» አለች። ሁለተኛዋ «የእሷን ገንፎ የበላሁት እርጉዝ ሆኜ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ ቆጠረች። አዋጁ በወጣበት ዓመት ሲሰላ ሁሉም አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሆኑ። ልቤ መለስ ማለት ጀመረ።

ሰባተኛዋ ስትጨርስ ተወካዩ ብዕሩን አስቀመጠና ሳቀ። «ይገርማል! አገሩ በሙሉ በአንድ ዓመት ነው እንዴ የወለደው? መክራችሁ ነው የመጣችሁት።»

የቀሩት የኦቦ ቶሎሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ ነበሩ። እኔ የገመቹን ቁመት አይቼ ከሁሉም ታናሽ እሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ነጠላቸውን አጠበቁና ቀስ ብለው በኦሮምኛ ተናገሩ።

«የኔ ደርሷል። መሬት ሲታወጅ ጥጃ ይጠብቅ ነበር። የእነዚህ ሴቶች ግን ዱጋ ነው፤ እውነት ነው። የሁሉንም ገንፎ በልቻለሁ።»

መተርጎም አቃተኝ። ተወካዩ «ምን አሉ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ተረጎምኩ። «እናት በልጇ ላይ በውሸት አትመሰክርም» አለና ብዕሩን አንስቶ ሰባቱን ስም ሰረዘ።

ዓርብ ገመቹ ሄደ። ዕድሜው ደርሷል፤ ስለ እሱ አልዋሸሁም ማለት ነው። ነገር ግን የኔ ዝርዝር ባይኖር የሚፈልገው ሰው አልነበረም። እኔን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለፉኝ። ሰባቱ እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኝ ነበር፤ ምርቃቱ ያቃጥለኝ ነበር።

ገመቹ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወሬው ጠፋ። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ሲጎርፍ፣ ኦቦ ቶሎሳ ጊንጪ ወርደው አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ያዩ ነበር። በአራተኛው ቀን ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ያኔ ነው። «ያን ማክሰኞ ማን ጻፈው ብለው ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት» አልኩ።

ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። «ገመቹ ነግሮኝ ነበር። የመጣሁት አውቄ ነው» አሉ። «ራስህ እንድትነግረኝ ነበር።»

እስኪመሽ አብረን ቆየን። ገመቹ በዚያም ቀን፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ ብዙ መዝገብም አሰመርኩ። የክበብ ተጠሪ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ የልጁን ዕድሜ ካላወቃችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት።