የእትዬ ማዞሪያ ሰሌዳ

እትዬ ማዞሪያ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም የሚጠራቸው በቀድሞ ሥራቸው ነው። ፀጉራቸው የሸበተው ስልክ ማዞሪያ ቤት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው፣ አምፖል በበራ ቁጥር ገመድ እየሰኩ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ነው። ከቀኛቸው ከሚቀመጡት ባልንጀራቸው ጋር እርስ በርስ «ጎኔ» ይባባሉ ነበር። አንዷ ስታስነጥስ የሌላዋ እጅ ሳትጠየቅ ተዘርግቶ ገመዱን ይሰካላታል። ኋላ ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ መጣና ሰሌዳው ተፈታትቶ በጭነት መኪና ወጣ። ወዴት እንደ ሄደ የነገራቸው የለም።

አሁን ደግሞ ጎኔ ሊሄዱ ነው። ወንድ ልጃቸው ወደሚኖርበት ሩቅ ከተማ ጠቅልሎ ሊወስዳቸው ነውና እሑድ ለስንብት ብቅ እንደሚሉ ላኩ። እትዬ ማዞሪያ የተመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ቢሆን እንደ ድሮው ጎን ለጎን ሰሌዳው ፊት መቀመጥ።

ሴት ልጃቸው እቤት ሆና የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ሰሌዳ እዚህ ኮምፒውተርሽ ላይ ሥሪልኝ።»

«ሥራ ተደራርቦብኛል እማዬ። እኔ ላሳይሽ፣ አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«የከተማው ምስጢር ሁሉ በእጅሽ ሲያልፍ ኖሮ ኮድ ትፈሪያለሽ?»

ማታ ማታ ከእራት በፊት ትምህርቱ ተጀመረ። መስኮትና ቁልፍ የሚሠራበት፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት፣ ማንም የሚዋሰው ኮድ አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። ልጅቱ የመረጠችው ሪአክቲቭ የተባለውን ዓይነት ነበር። «አንድ ዋጋ፣ ቁጥር በይው፣ ታስቀምጫለሽ» አለቻቸው። «መስኮቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ያንን ዋጋ እንዲያዳምጥ አንዴ ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ጽሑፉ ራሱ ይለወጣል። አንቺ ወዲህ ወዲያ አትሯሯጪም።»

የመጀመሪያው ልምምድ አንድ ቁልፍና አንድ ቁጥር ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። እትዬ ማዞሪያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጫኑ። ሁለት አለ። ደግመው ጫኑ። አራት።

ልጅቱ ኮዱን አየችና ሳቋ አመለጣት። «ያንኑ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል እኮ።»

«ባይሰማስ ብዬ ነዋ። እኛ ቤት ያልተነሳ ስልክ ይደገማል።»

«ይሄኛው በአንዴ ይሰማል። እመኚው።»

«ማመኑንማ» አሉ እትዬ ማዞሪያ ሁለተኛውን መስመር እየሰረዙ፣ «ያንን ራሱ የሚያገናኘውን መሣሪያም እመኑት ብለውን ነበር።»

ቢሆንም እጃቸው እየለመደ ሄደ። አምፖሎቹን በረድፍ በረድፍ ደረደሩ። ኮምፒውተሩ የፈጠረው ደዋይ ሲመጣ አምፖሉ ይበራል፤ አምፖሉ ሲበራ ገመዱ ራሱ ተስቦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ጥግ ላይ የነበረችዋን፣ ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይታ የምትበራውን «ሰነፊት»ን እንኳ አልረሷት፤ አዘግይተው አበሯት። ቅዳሜ ሲመሽ ሰሌዳው ያለ አንዳች ስሕተት ይሠራ ነበር።

እሑድ ጎኔ መጡ። ልጃቸው «መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንዳትቆዪ» ብሏቸው መኪናው ውስጥ ቀረ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ጎኔ ሳይነገራቸው በቀኝ በኩል ተቀመጡ።

«ወይ ጉድ» አሉ ስክሪኑን እያዩ። «ሰነፊትም አለች?»

«እሷማ የት ትሄዳለች።»

አምፖል በራ። የጎኔ እጅ ከጭናቸው ላይ ብድግ አለ፤ ገመዱ ግን ቀድሞ ገብቷል። ሌላ በራ፤ እጃቸው እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ተቀደመ። በሦስተኛው እጃቸው አልተነሣም።

«ያምራል» አሉ ጎኔ፣ የሰው ቤት ጎብኝቶ እንደሚያመሰግን እንግዳ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኛስ ምን እንሥራ?»

እትዬ ማዞሪያ ምን ያህል የተኩራሩበት ሥራ ነበር! ሰሌዳውን ዘጉና ኮዱን ከፈቱ፤ አምፖል ሲበራ ገመዱ ይግባ የሚለውን መስመር ፈልገው አገኙት። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። እናትዬው መስመሩን ሰረዙና በምትኩ ሰው ሲጫን ብቻ እንዲገባ አድርገው ጻፉ። አንዴ ብቻ ጻፉት።

ሰሌዳው እንደገና ተከፈተ። ሰነፊት በራች። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ጎኔ ጎንበስ ብለው ማውሱን ያዙ። ድምፃቸው ያንን የድሮውን ልስላሴ ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ማዞሪያ ነው። ማንን ላገናኝዎ?»

እትዬ ማዞሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችውን።»

ከደጅ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ጎኔ ዘወር አላሉም። ጣታቸው ማውሱ ላይ ነው፣ አልጫኑትም።

«ትንሽ ይጠብቁ እባክዎ» አሉ። «መስመሩ ተይዟል።»

ጡሩምባው ደገመ። ሰነፊት እንደ በራች ናት።