የሰበታው ፉርጎ፣ ወይም አውቶብስ

ቡራዩ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው ወይ በግ ያረባል፣ ወይ የወሰን ክስ ይመሠርታል። እኔና ጎረቤቴ አሮጌ ቆርቆሮ እናያለን። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እሳቸው ደግሞ የድሮውን ባቡር የመንገደኛ ፉርጎ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የሆነ ቦታ አሮጌ አውቶብስ ወይም ፉርጎ የዶሮ ቤት ሆኗል፣ የዘበኛ ማደሪያ ሆኗል ከተባለ ሄደን ምን እንደነበረና በየትኛው ዘመን ገደማ እንደተሠራ እንለያለን። ማንም አልጠየቀንም። ሱሉልታ ውስጥ አንዱን ሰውዬ የሣር መጋዘኑ የድሮ የከተማ አውቶብስ መሆኑን ብንነግረው፣ "እና?" ብሎናል።

አንድ ቀን ሰበታ መንገድ ዳር፣ ሽሮ የሚሸጥበት ረጅም የብረት ቤት አለ ተባልንና ሄድን። ባለቤቷ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ባሏ ከሞተባት ብዙም ያልቆየች ሴት ነበረች።

"አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ" አለችን።

ሽሯችንን በልተን ከጨረስን በኋላ ጋሼ፣ "ልጄ፣ ቤትሽን ከሥሩም ከጎኑም ብናየው ቅር ይልሻል?" አሏት።

"ምን ጠፍቶባችሁ ነው አባቴ?"

"ምንም። ለማየት ያህል ነው።"

ትንሽ አየቻቸውና የምናነጥፈው ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሰጠችን። ጋሼ ከኋላ በኩል ገቡ፣ እኔ ከፊት።

"ፉርጎ ነው" አሉ ሲወጡ። ከኋላ ያሉት መስኮቶች በቆዳ ጠፍር ተይዘው ወደ ግድግዳው ውስጥ የሚወርዱ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ መስኮት ያለው ባቡር ነው።

"አውቶብስ ነው" አልኩ። እኔ ደግሞ ከፊት በኩል ወለሉ ለጎማ ተብሎ ጎብጦ አይቻለሁ፤ ፉርጎ የላስቲክ ጎማ የለውም።

እሳቸው ጉብታውን ለማየት አልመጡም፣ እኔም ጠፍሩን ለማየት አልሄድኩም። ስንመለስ ታክሲው ላይ እሳቸው ጋቢና ገቡ፣ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። ከፋኝ። ቡራዩ ውስጥ ስለ ጎማ ጉብታ የሚያዋራኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሃል ሴትየዋ ደወለችልኝ፤ ስልክ ቁጥሬን ትቼላት ነበር።

"መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው ከማዘጋጃ ቤት መጥተዋል" አለች። "ቤት ከሆነ ካርታ፣ መኪና ከሆነ ሊብሬ አምጪ፣ አለዚያ ይፈርሳል አሉኝ። ሁለቱም የለኝም። እናንተ ምንድን ነው አላችሁት?"

ሄጄ የጋሼን በር አንኳኳሁና ነገርኳቸው።

"ፉርጎ ካርታም ሊብሬም አያወጣም" አሉና ኮታቸውን ለበሱ።

ስንደርስ ሜትር የያዘ ጎልማሳ ሠራተኛ በር ላይ ቆሟል።

"ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለን።

"ፉርጎ" አሉ ጋሼ።

"አውቶብስ" አልኩ እኔ።

"እባካችሁ ተስማምታችሁ ንገሩኝ። ሌላም የማየው አለኝ።"

ሴትየዋ፣ "መሃሉንስ ማን አየው?" ብላ ቢላ ይዛ መጣችና መሃል ላይ ያለውን የኮምፔርሳቶ ልባጥ ራሷ ፈልቅቃ አወረደችው። ከሥሩ ከወለሉ ተነስቶ፣ በጣሪያው ዞሮ፣ በሌላኛው ግድግዳ የሚወርድ ብየዳ ነበር። ከብየዳው ወደ ኋላ ፉርጎ ነው፤ ወደ ፊት አውቶብስ። ጋሼ በመዳፋቸው ዳሰሱትና፣ "ተቀጥሏል" አሉ። እኔም ዳሰስኩት።

ሴትየዋ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር።

"የእሱ እጅ ነው" አለች። "ባለቤቴ እንዲህ ነበር የሚበይደው፤ ባቆመበት ሁሉ ያብጣል። የግቢያችን በርም እንዲሁ ነው። ይሄን ቤት ገዛሁልሽ ነበር ያለኝ። ሠራሁልሽ አላለኝም።"

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ሽሮ ያዘዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እጃቸውን እንደታጠቡ ጠበቁ።

ሠራተኛው ሜትሩን ጠቀለለ። "ቤትም መኪናም ካልሆነ እኔ የማፈርሰው የለኝም" አለ። "መንገዱ ግን ያልፋል። የሚነሳ ነገር ከሆነ አንሱት።" ማንሻ ጊዜም ሰጣት።

ወንድሟ በተጂ ከተማ ዳር የሚያርሰው መሬት ስላለው፣ እዚያ መንገድ ዳር ቦታ ሰጣት። ክሬን የመጣ ቀን እኔና ጋሼም ሄድን። "ከመሃሉ ይሰበራል" አሉኝ በጆሮዬ። እኔም የፈራሁት እሱን ነበር፤ ስለዚያ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነው።

የክሬኑ ሹፌር፣ "የማነሳው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሽሮ ቤት" አለችው።

ሰንሰለቱ ሲጠብቅ ጮኸ። ከበሩ አመድና አንድ የተረሳ ጭልፋ ወደቀ። ሴትየዋ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዙራ ነበር የቆመችው።

"ተነሳ?" አለች ሳትዞር።

"ተነሳ" አልኳት።

"አልተላቀቀም?"

"አልተላቀቀም" አሏት ጋሼ። "ብየዳ የሚያውቅ ሰው ነበር።"

ያኔ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጋሼ አጠገቧ ቆሙ። እኔ ጭልፋውን አንስቼ በሱሪዬ ጠረግኩት።

አሁን ተጂ ናት። የገበያ ቀን ገበሬው ከጤፉና ከከብቱ መልስ እሷ ጋ ይገባል፤ ቦታ አይገኝም። እኛም አልፎ አልፎ እንሄዳለን። ሽሮው እንደ ሰበታው አልሆነም፤ ውሃው ነው ትላለች።