ቆሎ የሚቆረጥመው ኮምፒውተር

ልጄ ባለፈው ወር ከቴሌቪዥኑ ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን አስቀመጠች። የቤታችን ፎቶና ፊልም ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሣጥኗ ቀንም ሌትም አትጠፋም። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ሣጥኗ ያለ ዕረፍት ትንቋቋ ነበር። ልጄ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችና «እማዬ፣ ነካክተሻት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

በክፋት አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ከታች የጀሞ ታክሲዎች ይጮኻሉ። ለእኔ የሚሰማኝ ግን የመካኒሳ ዝናብ ነበር።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጀሞ ገና ማሳ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከገጠር መጣሁና መካኒሳ አቦ አካባቢ እትዬ አስካለ ቤት ገባሁ። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር ያስጽፉ ነበር። ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚሠሩባቸው ኮምፒውተሮች ጥጉ ላይ ካለው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ ተያይዘዋል፤ የሁሉም ሥራ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የእኔ ሥራ መጥረግ፣ ማብሰልና ሻይ ማፍላት ነበር። እትዬ ግን «ለመስከረም ታይፕ ትጀምሪያለሽ» ብለውኝ ነበር። ያን ቃል ይዤ ስንት ጭቃ ጠርጌያለሁ። የመካኒሳን የክረምት ጭቃ ያየ ያውቀዋል፤ ጫማ ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

በፍልሰታ ጾም መግቢያ ላይ ትልቁ ኮምፒውተር መጮህ ጀመረ። ክርክም ክርክም ይላል፤ ጥርሰ ጠንካራ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ይመስላል። ማንም ሳይጽፍበት መብራቱ ይርገበገባል። ሥራው ሁሉ ተንቀራፈፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽው?» አሉኝ እትዬ።

«ምንም አልነካሁም፣ እትዬ።»

«እጅሽ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ስትወለውዪ ውኃ ገብቶበት ይሆናል።»

ከጸሐፊዎቹ አንዷ ብርቱካን «ቆሎ አብልታው ነው» አለችና ሳቀች። ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው የእትዬ እህት ልጅ ጌታሁንም «ሬዲዮ መስሏት ጣቢያ ስትፈልግ ይሆናል» ብሎ ጨመረበት።

እኔ ዓይነ አፋር ነበርኩ። መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እንዳልገባ ተከለከልኩ፤ ሻዩን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ውጭ ቆሜ ሳዳምጥ ያ ነገር መቆርጠሙን አላቆመም። እኔ እጄን ከሰበሰብኩ ሰንብቻለሁ፤ እሱ ይቀጥላል። ይህን የሚያስተውል ሰው ጠፋ። «አንዴ ከተበላሸ እኮ በራሱ አይድንም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን በዝናብ መሐል ጌታሁን መጣና እንዲህ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ እንደሚሞት፣ የተማሪዎቹም ልፋት ሁሉ አብሮ እንደሚጠፋ ተናገረ። እትዬ ወደ በሩ ዞሩ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ነበረበት።

«ፍልሰታ ሲፈታ ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ።

እናቴ ጋ ያለው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ከስድስተኛ አያልፍም፣ የሚጠብቀኝ ባል ነው። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«እኛ አገር ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል፤ መንደርተኛው በሙሉ ተቀምጦ አንድ በአንድ ይጠየቃል። በዚህ ቤት እጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

ጌታሁን ሳቅ አለና «እሺ የኔ ዳኛ፣ አውጫጭኙ ይጠራ» አለ። ለፌዝ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሁለቱን ጸሐፊዎች ሽቦ ነቀለ። ቆርጠማው ቀጠለ። ብርቱካን እጇን ወደ ላይ አንሥታ «እኔ ነፃ ነኝ» አለች። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተከፈተውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘጋ ጀመር። የአማርኛ መጻፊያውን ዘጋ፤ ቀጠለ። ማተሚያውን የሚያዘውን ዘጋ፤ ቀጠለ። በመጨረሻ ማንም ልብ ያላላት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ቀረች። እሷን ሲዘጋ ቆርጠማው ቀጥ አለ። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ጎልቶ ተሰማ።

«ይቺን ደግሞ ማን ጫናት?» አለች ብርቱካን።

ጌታሁን አንገቱን አከከ። «እኔ ነኝ። ጽሑፍ ስትፈልጉ ቶሎ እንድታገኙ ብዬ ነው። ያለውን ሁሉ እየዞረች ትመዘግባለች፤ ለካ አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ጨርሳም አታውቅም።»

ሁሉም ሳቁ፤ እትዬም ሳቁ። ያበገነኝ ይሄ ሳቅ ነው። እኔ ስጠረጠር እጄ እርጥብ ነበር፣ ገጠሬ ነበርኩ፣ ልባረር ነበር። እሱ ሲገኝ ጨዋታ ሆነ።

«በይ እንግዲህ፣ ተገኘ አይደል? ሻይ አፍሊልን» አሉኝ እትዬ።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በጭቃ ጫማዬ ገብቼ ብርቱካን የተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እጆቼን ፊደሎቹ ላይ ዘረጋሁ። አልተነሣሁም። እትዬ ቆመው ብዙ አዩኝ። በመጨረሻ ሻዩን ያፈላችው ብርቱካን ነች፤ ስኳሩን አብዝታው ነበር። ወደ እናቴም የሚመልሰኝ አልተገኘም። በዚያ ወንበር እንጀራዬን በላሁበት፤ ይህን የምጽፍበትም እጅ የተፈታው እዚያ ነው።

ትናንት ከበረንዳው ስመለስ ልጄን «አውጫጭኝ ጥሪ» አልኳት። አስረዳኋት። አንድ በአንድ ስትዘጋ የራሷ ስልክ ተገኘ፤ ፎቶዎቿን ሳያቋርጥ ወደ ሣጥኗ ሲገለብጥ ነበር።

«ይቅርታ እማዬ» አለችኝ።

ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ከመካኒሳ ጀሞ በታክሲ ቅርብ ነው። ያቺ የይቅርታ ቃል ግን እስክትደርሰኝ ጠጉሬ ሸበተ፤ የመጣችውም መናገር ከነበረበት ሰው አይደለም።