እናቴ ዓይኗን ተሠርታ ቅቤ ተቀባች

ትናንት ከሰዓት አረካ ስደርስ እናቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች... ጭንቅላቷ ላይ ለጋ ቅቤ ተከምሯል!

ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ ወርዶ የዓይኗ መሸፈኛ ጋ ደርሷል። እንዴት እንደተናደድኩ!

ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባችሁ... እናቴ አንድ ዓይኗን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ወስዶባታል። የቀረው ዓይኗ ደግሞ ከግፊቱ በላይ ሌላ ጣጣ አለበት፤ የገዛ ሰውነቷ እንደ ጠላት ቆጥሮት ላዩን ጠባሳ በጠባሳ ያደርገዋል። ግፊቱን የሚቀንሰው ጠብታም ያቃጥላታል። ቀዶ ጥገና ይደረግላት ስንል ሐኪሙ «እንዲህ ቀልቶ ብነካው ጠባሳው የምሠራውን የዓይኗን ውሃ ማፍሰሻ ይደፍነዋል፤ መጀመሪያ በክኒን ይብረድላት» ብሎ ለወራት አስጠበቀን። በስንት መከራ በረደላት፤ ትንሽዬ ቱቦ ገባላት፤ ግፊቱም ወረደ። አሁን ደግሞ ቅቤ!

«ማነው የቀባት?» አልኩ።

«እኔ ነኝ!» አለች አክስቴ፣ እጇ በቅቤ እያብለጨለጨ። «የታመመ ሰው በደረቅ ጭንቅላት ይቀመጣል እንዴ? ሐኪሙ ዓይኗን አትንኩ አለ እንጂ ጭንቅላቷን መች ከለከለ?»

ጮህኩባት። ጠያቂው ሁሉ እያየ፣ እናቴን የምታክል ሴት ላይ... አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኳት። እሷም ወደ ጓሮ ሄደች።

የእናቴን ፀጉር በፎጣ ጠራርጌ በሚኒባስ ሶዶ ወደ ሐኪሟ ይዣት በረርኩ። ተሳፋሪው በቅቤው ሽታ እየተያየ ነው የደረስነው።

ሐኪሙ መሸፈኛውን አነሳ። «ቅቤው ውስጥ አልገባም፤ ጥጡ ይዞታል» ሲለኝ ትንፋሼ ተመለሰ። እሱ ግን ዓይኗን ደጋግሞ ማየቱን አልተወም።

«እማማ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«ተውኩት» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «ከተሠራሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል? ዳንኩ አይደል?»

ዓይኗ እንደገና ቀልቷል። ጠባሳው ቱቦው ዙሪያ ጀምሯል። ቅቤ ከሩቅ ይታያል፤ የተተወ ክኒን ግን ማን ያየዋል?

ክኒኑ እንደገና ተጀመረ። ቱቦው ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙም አያውቅም። በጣም ከፍቶኛል።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ጠጋ ብላ «አክስትሽን ግን አስቀየምሻት» አለችኝ።

ክኒኑን ስለተወች እናቴ ላይ ልጮህ ፈለግሁ... ግን ጩኸቴን ሁሉ አክስቴ ላይ ጨርሼዋለሁ።